ይግባኝ እስኪወሰን በዋስ ውጭ መቆየት ወይስ ቅጣቱን መጀመር? በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ለተፈረደበት ሰውና ለቤተሰቡ

«ይግባኝ ብለናል እኮ! ታዲያ ለምን አይለቁትም?»

ይህን ጥያቄ ከወገኖቻችን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው እናት ወይም እህት ናት። ፍርዱ ከተነበበ ገና ሳምንት አልሞላም። ቤቱ በድንጋጤ ላይ ነው። ጠበቃው «ይግባኝ እንላለን» ብሏል። ቤተሰቡም ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ሰውየው እቤቱ ሆኖ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

እንደዚያ አይደለም። ይግባኝ ማለት ብቻውን ማንንም ከወህኒ ቤት አያስቀርም። ውጭ ሆኖ ለመጠበቅ ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ መመዘኛ አለ። ከዚህም በላይ ግን ማንም ቀድሞ የማይጠይቀው ነገር አለ፦ ዋስትናው ቢፈቀድስ ይጠቅማል ወይ? አንዳንዴ በጣም ይጠቅማል። አንዳንዴ ደግሞ መከራን ማስረዘም ብቻ ይሆናል።

የማወራው ስለ አሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ነው። ስለ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን የጻፍኩት ከጠበቃችሁ ጋር ስትነጋገሩ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው፤ የእሱን ምክር አይተካም።

ከመጀመሬ በፊት ሦስት ቃላት እንለይ። አገር ቤት የምናውቃቸው ስለሆኑ እዚህ ሲመጡ ይምታታሉ። ገደብ ማለት ቅጣቱ ራሱ በቅድመ ሁኔታ ሲታገድ ነው፤ እዚህ ቅርቡ ፕሮቤሽን የሚባለው ነው። አመክሮ ማለት ከቅጣቱ የተወሰነውን ጨርሶ መለቀቅ ነው። ከኅዳር 1 ቀን 1987 በኋላ ለተፈጸመ የፌደራል ወንጀል አመክሮ የሚባል ነገር የለም። ዋስትና ግን ሌላ ነው። ቅጣቱ እንዳለ አለ፤ አንድ ቀን አልተነካም። በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ያሉት መንገዶች

ክሱ ሲታይ በዋስ ውጭ የነበረ ሰው ቅጣት ሲወሰንበት ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ይግባኙ እስኪወሰን በዋስ መቆየት ነው። ሁለተኛው ዳኛው በቆረጠለት ቀን በራሱ እግር ሄዶ ወህኒ ቤት መግባትና ይግባኙን ከውስጥ ሆኖ መከታተል ነው። ሦስተኛው የመግቢያ ቀኑን ብቻ ማስተላለፍ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እመለስበታለሁ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ታስሮ የቆየ ሰው ግን ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ ዋስትና መጠየቅ ወይም ባለበት መቀጠል። ለእሱ አንድ ማጽናኛ አለ። እዚያ ያለፈው ጊዜ ከቅጣቱ ይቆጠርለታል።

ሕጉ የሚጠይቀው

ከፍርድ በፊት ሚዛኑ ወደ ተከሳሹ ያደላል። እንዲታሰር የሚፈልገው ዓቃቤ ሕግ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ጁሪው «ጥፋተኛ ነው» ካለ በኋላ ሁሉም ይገለበጣል። በ1966 የወጣው የዋስትና ሕግ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው እንኳ ወደ መፍታቱ ያደላ ነበር። ኮንግረስ በ1984 ያንን ቀየረው። አሁን መነሻው እስር ነው። ለመውጣት የሚፈልገው ሰው ራሱ ያስረዳል።

የሚያስረዳው አራት ነገር ነው። እንደማይጠፋ። ለማንም አደጋ እንደማይሆን። ይግባኙ ጊዜ ለመግዛት ብቻ የቀረበ እንዳልሆነ። አራተኛው፣ ብዙው ሰው የሚወድቅበት፣ ይግባኙ ከባድ የሕግ ወይም የፍሬ ነገር ጥያቄ እንደሚያነሳና ያ ጥያቄ ለእሱ ቢወሰን ፍርዱ ሊሻር፣ እንደገና ሊታይ፣ ያለ እስር ሊቀጣ ወይም ይግባኙ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ቅጣት ሊያገኝ እንደሚችል።

እዚህ ላይ በእኛ ማኅበረሰብ ደጋግሞ የሚደርስ ስህተት አለ። ቤተሰቡ ደብዳቤ ይሰበስባል። ከቄሱ፣ ከኢማሙ፣ ከሽማግሌዎች፣ ከአሠሪው፣ ከዕድር ሰብሳቢው። አርባ ደብዳቤ ይሞላል። ደብዳቤዎቹ ጥሩ ናቸው፤ እሱ እንደማይጠፋና ሰው እንደማይጎዳ ያግዛሉ። አራተኛውን ነጥብ ግን አንድ ስንዝር አያንቀሳቅሱም። ዳኛው የሰውየውን ደግነት አምኖ ዋስትናውን ሊከለክል ይችላል። ጉድለቱ የሕግ ጥያቄ ከሆነ መልሱ ያለው ደብዳቤ ውስጥ ሳይሆን የችሎቱ መዝገብ ውስጥ ነው።

ስለ መጥፋት ደግሞ አንድ የእኛ ነገር አለ። አሜሪካና ኢትዮጵያ ወንጀለኛ አሳልፎ የመስጠት ውል የላቸውም። ዓቃቤ ሕግ ይህን ያውቃል፤ ያነሳዋልም። ስለዚህ ፓስፖርቱን፣ የሁለቱም አገር ከሆነ ሁለቱንም፣ ሳይጠየቁ ለፍርድ ቤት ማስረከብ፣ እዚህ ያለውን ቤትና ሥራ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት በሰነድ ማሳየት ያስፈልጋል። ክሱ ሲታይ ሁለት ዓመት በዋስ ውጭ ሆኖ አንድም ቀጠሮ ካላጓደለ ከሁሉም በላይ የሚናገርለት ያ ነው።

«ከባድ ጥያቄ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። «ፈራጁ ዳኛ ራሱ ተሳስቻለሁ ይላል እንዴ?» ይባላል። ደስ የሚለው፣ እንደዚያ እንዲል አይጠበቅበትም። የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች አገሩን በወረዳ (ሰርኪት) ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት። በ1985 የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሚለር በተባለው መዝገብ ይህን ግልጽ አድርጎታል። ዳኛው ውሳኔዬ ይሻራል ብሎ መተንበይ የለበትም። ጥያቄው አከራካሪ መሆኑን ማመን በቂ ነው። ሌሎች ወረዳዎችም በተለያየ አነጋገር ወደዚያው ሄደዋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉበት አራተኛው ወረዳ «በሌላ በኩልም ሊወሰን የሚችል ተቀራራቢ ጥያቄ» የሚለውን መመዘኛ ተቀብሏል። ቀጥሎ ያ ጥያቄ ፍርዱን የሚነካ መሆን አለበት። አከራካሪ ቢሆንም ከአምስት ክስ አንዱን ብቻ የሚጥል፣ እስራቱንም የማይቀንስ ከሆነ አይጠቅምም።

በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሁለት የታወቁ ሰዎች አሉ። የፕሬዚዳንት ትራምፕ አማካሪዎች የነበሩት ስቲቭ ባነንና ፒተር ናቫሮ። ሁለቱም ኮንግረስ ሲጠራቸው ባለመቅረባቸው ተከሰሱ። ሁለቱም ዋሽንግተን በአንድ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሁለቱም አራት አራት ወር ተፈረደባቸው። ባነን በጥቅምት 2022 ተፈርዶበት ይግባኙ እስኪወሰን ውጭ ቆየ። ናቫሮ በጥር 2024 ተፈርዶበት ተከለከለ። መጋቢት 19 ቀን 2024 ማያሚ ወዳለው ወህኒ ቤት ገባ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከይግባኙ ጥያቄ። ባነን «ጠበቃዬ ባለኝ መሠረት ነው ያደረግሁት» የሚል መከላከያ ሊያቀርብ ፈልጎ ነበር። ይህን የሚዘጋ ከ1961 ጀምሮ የቆየ የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ዳኛው በዚያ ውሳኔ ተገዛ፤ ግን የውሳኔው ትክክለኛነት ራሱ አከራካሪ መሆኑን አመነ። ጥርት ያለ የሕግ ጥያቄ ነበር። የናቫሮ መከራከሪያ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ምስጢራቸውን የመጠበቅ መብታቸውን ስለተጠቀሙ ነው ዝም ያልኩት የሚል ነበር። ዳኛው ግን ፕሬዚዳንቱ መብቱን ለመጠቀማቸው ማስረጃ አላየሁም አለ። ሥሩ ያለው ማስረጃ ላይ ከሆነ ይግባኝ ሰሚው ብዙም አይነካውም።

ስለዚህ ጠበቃችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቁት፦ «ጥያቄያችን የሕግ ነው ወይስ ጁሪው ያመነውን ሰው አላመንም የሚል?» ሁለተኛው ከሆነ ዋስትናው ሩቅ ነው። እውነቱን ቀድሞ መስማት ይሻላል።

ዋስትና ሕይወት ሲያተርፍ

እዚህ ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ቦብ ማክዶኔልን እናስታውሳለን። ገዥያችን ነበሩ። በመስከረም 2014 በሙስና ጥፋተኛ ተባሉ። በጥር 2015 ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። የፈረዱት ዳኛ ዋስትና ከለከሉ። የካቲት 9 ቀን እንዲገቡ ተቆርጦ ነበር። ጠበቆቻቸው ግን ወደ አራተኛው ወረዳ ሄዱ። ይግባኝ ሰሚው ጥር 26 ቀን ዋስትናውን ፈቀደ። ከዚያ ያው ፍርድ ቤት በሐምሌ ወር ይግባኛቸውን ውድቅ አደረገው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 31 ውጭ እንዲቆዩ አዘዘ። ሰኔ 27 ቀን 2016 ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፍርዱን ሻሩት። ጥያቄው «የመንግሥት ሥራ» የሚባለው ምንድን ነው የሚል ነበር። ዓቃቤ ሕግም በኋላ ክሱን ተወው።

እኚህ ሰው አንድ ቀን አልታሰሩም። ዋስትናው ባይፈቀድ ከሁለት ዓመቱ አብዛኛውን ጨርሰው ነበር ነጻ የሚባሉት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዳኛ «አይሆንም» ማለት መጨረሻ አይደለም። ያው ማመልከቻ ወደ ይግባኝ ሰሚው ይሄዳል። አዲስ ይግባኝ መክፈት አያስፈልግም፤ በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ነው የሚቀርበው። የከለከለው ዳኛም ምክንያቱን መግለጽ አለበት፤ ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ያንን ነው። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ አጭር ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡ ይመጣል።

ሒሳቡ

በዋስ ውጭ ያለፈ ቀን ከቅጣቱ አይቀነስም። አንድም ቀን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 ሬኖ እና ኮሬይ በተባለው መዝገብ፣ በዋስ ተለቆ ያለ ፈቃድ ከማይወጣበት ማዕከል እንዲቆይ የታዘዘ ሰው እንኳ ጊዜው አይቆጠርለትም ብሏል። እግሩ ላይ መከታተያ አስሮ ዓመት ከመንፈቅ ከቤት ያልወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ያለቅሳል። አውቃለሁ፣ ግፍ ይመስላል። ግን ሕጉ ይኸው ነው።

አንድ ሰው 14 ወር ተፈረደበት እንበል። ከዓመት በላይ ለተፈረደበት ሰው በመልካም ጠባይ በዓመት እስከ 54 ቀን ይቀነሳል። ስለዚህ የሚታሰረው 12 ወር ገደማ ነው። (ዳኞች አንዳንዴ «አንድ ዓመት ከአንድ ቀን» የሚፈርዱት ለዚህ ነው። ልክ አንድ ዓመት ቢሆን ቅነሳው የለም። አንዷ ቀን ሰባት ሳምንት ታድናለች።) ይግባኙ ዓመት ከመንፈቅ ቢፈጅ ሰውየው ጨርሶ ከወጣ በኋላ ነው «ተሳስተናል» የሚሉት። ስሙ ይጸዳል። የታሰረበት ግን አይመለስም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥያቄው ጠንካራ ከሆነ ዋስትናውን እስከ መጨረሻ መታገል ነው።

አሁን አሥር ዓመት የተፈረደበትን አስቡ። በመልካም ጠባይ ስምንት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይግባኙ እዚያው ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። ቢያሸንፍ ዓመት ከመንፈቅ ያተርፋል፤ ትልቅ ነው። ቢሸነፍ ግን ስምንት ዓመት ተኩሉን የሚጀምረው ያኔ ነው። ዕድሜው ገፍቶ፣ ሥራ አጥቶ፣ በጠበቃ ወጪ ደክሞ። በዚያ ላይ ቅጣቱ በረዘመ ቁጥር ዳኛው «ይጠፋል» የሚለውን ፍርሃት ይጨምራል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ቅጣቱ ረጅም፣ ጥያቄው ደካማ ከሆነ ለዋስትና ማመልከቻ የሚወጣውን ገንዘብ ለራሱ ለይግባኙ ጽሑፍ አውሉት።

በቴሌቪዥን በቤት አያያዝ ዝግጅቷ የታወቀችው የማርታ ስቱዋርት ውሳኔ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2004 አምስት ወር እስርና አምስት ወር የቤት እስር ተፈረደባት። ይግባኟ እስኪወሰን ውጭ እንድትቆይ ዳኛዋ ፈቅዳላት ነበር። እሷ ግን በራሷ ፈቃድ ተወችው። ጥቅምት 8 ቀን ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ወህኒ ቤት ገባች። የጸደይ አትክልቷን ለመትከል በመጋቢት መውጣት እንደምትፈልግ ተናግራ ነበር። በመጋቢት 2005 ወጣች። የቤት እስሯንም ያንኑ በጋ ጨረሰች። ይግባኟ የተወሰነው በጥር 2006 ነው፤ ተሸነፈች። ብትጠብቅ ኖሮ ያኔ ነበር የምትገባው። ነገሩ እንደ ጥላ ዓመት ከመንፈቅ ይከተላት ነበር።

የባነንን ቀን ደግሞ ተመልከቱ። ይግባኙ በግንቦት 2024 ወደቀ። ሐምሌ 1 ገባ፣ ጥቅምት 29 ወጣ። ፖለቲካ ሥራው የሆነ ሰው የምርጫውን ዘመቻ ዋና ወራት ወህኒ ቤት ሆኖ አሳለፋቸው። ሲያዘገይ፣ መግቢያ ቀኑን የሚመርጠው ይግባኝ ሰሚው እንጂ እሱ እንዳልሆነ አስቡ። የልጅ ምረቃ፣ የሚስት መውለድ፣ የእናት ሕመም፣ ሁሉም በዚያ ባልታወቀ ቀን ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ቀኑን ብቻ ማስተላለፍ

ሰውየው የሚያስፈልገው ሁለት ወር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሱቁን ለሰው ለማስረከብ። ሚስቱ እስክትወልድ። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮውን ለመጨረስ። ለዚህ የይግባኝ ዋስትና አያስፈልግም። የፈረደው ዳኛ የመግቢያ ቀኑን እንዲያራዝም በአጭር ማመልከቻ ይጠየቃል። ዓቃቤ ሕጉ ካልተቃወመ ነገሩ ይቀላል። ከባድ የሕግ ጥያቄ አያስፈልገውም፤ እውነተኛ ምክንያትና ሰነድ ነው የሚፈልገው።

በራሱ እግር ሄዶ የሚገባ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። የወህኒ ቤቶች አስተዳደር እስረኛን ሲመድብ ነጥብ ይሰጣል። በፈቃዱ የገባ ነጥቡ ይቀንስለታል፤ ቀለል ያለ ጥበቃ ወዳለበት የመመደብ ዕድሉ ይጨምራል።

ግን ቀኑን ማለፍ ጨዋታ አይደለም። በቀጠሮው ቀን አለመግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የመጀመሪያው ወንጀል 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ለመቅረቱ ብቻ እስከ አሥር ዓመት ሊጨመርበት ይችላል። የሚደመረውም በላዩ ላይ ነው፤ አብሮ አይቆጠርም።

ምርጫው የሌላቸው

ለአንዳንዱ በሩ ከመነሻው ዝግ ነው። የኃይል ወንጀል፣ የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስፈርድ፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ከሆነ ሕጉ ይታሰር ይላል። ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ «ልዩ ምክንያት» ትባላለች። የቤተሰብ ችግር ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ልዩ አይባልም። እያንዳንዱ እስረኛ ቤተሰብ አለውና።

ሌላው፣ ጥፋቱን አምኖ በስምምነት የፈረመ ሰው ነው። አብዛኛው የፌደራል ክስ በዚህ ነው የሚያልቀው። ስምምነቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ይግባኝ የማለት መብቴን ትቻለሁ» የሚል አንቀጽ አለ። ያ ካለ የይግባኝ ዋስትና መጠየቅ በደረቅ ወንዝ ውኃ መቅዳት ነው። ወረቀቱን አውጡና አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን አታስነብቡ፤ ልጅ የአባቱን ፍርድ ሊተረጉም አይገባም። ጠበቃው አስተርጓሚ እንዲያመጣ ጠይቁ።

ዜግነት ለሌላቸው

ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ፣ ወረቀት የሌለው ወገናችን ከሌላው የተለየ ሒሳብ አለው። ፍርድ ቤቱ በዋስ ቢፈታው ኢሚግሬሽን በር ላይ ሊቀበለው ይችላል። በኢሚግሬሽን እስር ያለፈው ጊዜ ደግሞ ከወንጀል ቅጣቱ አይቀነስም። ማለት፣ ውጭ ልውጣ ብሎ ወደማይቆጠር እስር ይገባል። ይህን ሳያጣሩ ማመልከቻ ያስገቡ ቤተሰቦች አንጀታቸው አሯል።

በሌላ በኩል ይግባኙ ራሱ ሊጠቅመው ይችላል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ቀጥተኛው ይግባኝ ካልተጠናቀቀ ጥፋተኝነቱ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደ መጨረሻ አይቆጠርም ብሏል። የይግባኝ ወረዳዎቹ ግን በዚህ አልተስማሙም። ስለዚህ በምትኖሩበት ወረዳ ያለውን የሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ከወንጀል ጠበቃው ጋር በአንድ ስልክ መነጋገር አለበት። ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት።

ገንዘቡና ፊርማው

በፌደራል ፍርድ ቤት ዋስትና ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፊርማ ነው፦ ቢጠፋ እከፍላለሁ የሚል። አንዳንዴ ቤት ይያዛል። ሰው ኃላፊነት ወስዶ እንዲጠብቀውም ሊታዘዝ ይችላል። ስንፈርም በይሉኝታ እንዳይሆን እለምናለሁ። «አጎቱ ነኝ፣ እንዴት እምቢ እላለሁ» ብሎ የልጆቹን ቤት ያስያዘ ሰው፣ ያኛው ቢጠፋ ቤቱ ይሄዳል። የሚፈርመው ሰው ከተፈረደበት ሰው ጋር ለብቻው ተቀምጦ በግልጽ መነጋገር አለበት፦ ይግባኙ ቢወድቅ በማግስቱ ትገባለህ ወይ? መልሱ ሲንገዳገድ ከታየ አለመፈረም ለሁለቱም ይበጃል።

የጠበቃ ክፍያም አለ። ብዙ ጠበቆች የዋስትናውን ማመልከቻ ከይግባኙ ለይተው ያስከፍላሉ። ዋጋውን ለየብቻ በጽሑፍ ጠይቁ።

አንዴ ከተከለከለ በኋላ

ሁኔታው ከተቀየረ እንደገና መጠየቅ ይቻላል። የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ኮንራድ ብላክ ዋስትና ተከልክሎ በመጋቢት 2008 ገባ። ስድስት ዓመት ተኩል ነበር የተፈረደበት። ሰኔ 2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱ የቆመበትን ሕግ አጠበበው። ወር ሳይሞላ በዋስ ወጣ። ከ29 ወር በኋላ መሆኑ ነው። ግን ከክሶቹ አንዳንዶቹ ጸኑ። ቅጣቱ ወደ 42 ወር ተቀንሶ በመስከረም 2011 የቀረውን ሊጨርስ ተመልሶ ገባ። በግንቦት 2012 ሲወጣ የኢሚግሬሽን ሰዎች ተቀብለው ወደ ካናዳ ላኩት። ውጭ ወጥቶ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሰብ ሕግ ማወቅ አያስፈልግም። ቢሆንም ዕድሉ ሲመጣ መጠየቁ ልክ ነበር፤ ቅጣቱ ወደ ግማሽ ወርዷል።

ክፍለ ግዛት ከሆነ

እስካሁን ያልኩት ለክፍለ ግዛት ወንጀል አይሠራም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። አንድ ነገር ግን በአካባቢያችን ላሉት ልንገር። ቨርጂኒያ በጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ቀላል ወንጀል የተፈረደበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪት ኮርት ከዜሮ እንደ አዲስ ይታያል። ሜሪላንድ በዲስትሪክት ኮርት ለተፈረደበት ደግሞ 30 ቀን አለው፤ እሱም እንደ አዲስ ይታያል። ከባድ ጥያቄ ምናምን የለም። አሥር ቀን በጣም አጭር ናት። ሐዘን ላይ ተቀምጠን ነው የምታልፈን።

ዛሬ የሚደረግ

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። በፌደራል ፍርድ ቤት የይግባኝ ማስታወቂያ የሚገባው ፍርዱ መዝገብ ላይ በሰፈረ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ማስታወቂያው ከሌለ ይግባኝ የለም፤ ይግባኝ ከሌለ የይግባኝ ዋስትና የለም። ዋስትና መጠየቁን ገና ባትወስኑም ማስታወቂያውን አስገቡ። እሱ አንድ ገጽ ነው።

ከዚያ ከጠበቃው ጋር ስትቀመጡ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አስጽፉት። የተፈረደው ስንት ወር ነው? በመልካም ጠባይ ሲቀነስ ስንት ይሆናል? በዚህ ወረዳ እንዲህ ዓይነት ይግባኝ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስንቱ ክስ ነው ይግባኙ የሚነካው? ብናሸንፍ ወደ ቤት ይመጣል ወይስ እንደገና ይከሰሳል? መግባቱ የማይቀር ከሆነም አንድ ልመና አለ። ዳኛው ሰውየው ይግባኙን ከጠበቃው ጋር እንዲያዘጋጅ በቅርብ ቦታ እንዲቆይ ለወህኒ ቤቶች አስተዳደር ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ብዙ ጠበቃ ይህን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። አስታውሱት። በየሳምንቱ ሄዶ መጠየቅ ለሚችል ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ግን ስልኩን አንሱና ጠበቃውን ይህን ብቻ ጠይቁት፦ የይግባኝ ማስታወቂያው ገብቷል ወይ? ገብቷል ካለ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይላክላችሁ።